ኸሊፋን ያቃተችው ፊደል

ኸሊፋ የሞተ ዕለት አልደረስኩም። ባምባሲ እህቴ ቤት ነበርኩና ወሬውን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለሰደቃው ግን ደረስኩ። ከሴቶቹ ጋር ሸራው ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ ከወንዶቹ በኩል ክርክር ተነሣ። ዘንድሮ ለቅሶ ቤት የሚመጣ ወጣት ሁሉ ፖለቲከኛ ነው። በደርግ ጊዜ የነበረውን ፕሬዚዳንት አንሥተው ሠርቷል፣ አልሠራም ይባባላሉ። ከመካከላቸው አንዱ የእኛው የሰፋሪ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምሯል አሉ። እጁን እያወናጨፈ፣ «መሪ በስሜት አይመዘንም። ስንት መንገድ ሠራ? ስንት ክሊኒክ? ስንት ትራክተር አስገባ? ያንን ቆጥራችሁ ፍረዱ፤ ሌላው ወሬ ነው» ይላል።

ምላሴ ላይ መጥቶብኝ ነበር፤ ሰደቃ ቤት ነውና ዋጥኩት። ይኸው ጥያቄ አሁን አፈር ለለበሰው ሰው በአደባባይ፣ በድምፅ ማጉያ ቀርቦለት ያውቃል። ምን ብሎ እንደመለሰና መልሱ ምን እንዳሳጣው እኔ አውቃለሁ። ልጁ የት ያውቃል? ሟቹን እንኳ «እኚህ የበርታ ሽማግሌ» እያለ ነበር የሚጠራው። ኸሊፋ ቢሰማው ኖሮ መጀመሪያ የሚቆጣው «እኚህ» በመባሉ ነበር።

እኛን ከወሎ ያመጡን በድርቁ ጊዜ ነው። አሶሳ አካባቢ፣ ቀርከሃ መሀል፣ ከጭነት መኪና አራገፉን። መንደራችን ስም አልነበራትም፤ የነበራት ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ አባቴ በወባ ሞተ። እሱ ብቻ አይደለም፤ በየጎጆው አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። እናቴ ደጃፍ ላይ ኩርምት ብላ እንደተቀመጠች አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጀለቢያ የለበሰ ሰውዬ ጃንጥላውን በብብቱ፣ የማሽላ ዱቄት በትከሻው ይዞ መጣ። በአረብኛ ሰላምታ ሰጠ፤ ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን። ከዚያ ዱቄቱን አስቀምጦ፣ «ገንፎ ሥራ። ልጆች ይብላ» ብሎ ሄደ። ኸሊፋ ማለት እሱ ነው። እናቴ ዱቄቱን አቅፋ አለቀሰች። አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየሁም።

የበርታዎቹ መንደር ከእኛ ጅረት ብቻ ነበር የሚለያት። የኸሊፋ ማንጎዎች ያሉት እዚያ ጅረቱ ዳር ነው። አባቱ የተከላቸው ናቸው፤ ከሥራቸው ቀትር ላይ እንኳ ምድሩ ይቀዘቅዛል። ደግ ሰው ነበር፤ በማንጎው ግን ደግ አልነበረም። ፍሬ የደረሰ እንደሆነ ለየቤቱ ያካፍላል። ልጅ ድንጋይ ሲወረውር ካየ ግን በጃንጥላው እያባረረ ጎጆው ድረስ ይዘልቃል። «እናንተ ዛፍ አየ፣ መጥረቢያ ያዘ» ይለን ነበር። እውነቱን ነው፤ ቀርከሃውን እንዴት እንደጨረስነው አይቷል።

እናቴ በኋላ «ሼህ ኸሊፋ» ማለት ስትጀምር ተቆጣ። «እኔ ሼህ አይደለም። እኔ ገበሬ ነው።» እሺ ብለን «እርስዎ» ስንለው ደግሞ ባሰበት። «እርስዎ» ለብዙ ሰው ይመስለው ነበርና ዞሮ ከኋላው የቆመ ሰው ይፈልጋል። «እኔ ብቻዬን ነው የመጣ» ይላል። እንዲህ አድርጎ ሁላችንንም አንተ አስባለን፤ ስለዚህ እዚህም አንተ እንዳልኩት ይቅር። እኔንም ሴትነቴን ጉዳዬ ሳይል አንተ ነበር የሚለኝ።

በአገሬ ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አደረጉኝ። ኸሊፋ ጅረቱን ተሻግሮ ተማሪዬ ሆነ። «ኡስታዛ» አለኝ፤ መምህርት ማለቱ ነው፣ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። ለመማር ብቻም አልነበረም የሚመጣው። ስብሰባ ይወድዳል። ስብሰባ የሚባለውን ሁላችንም እንደ ወባ ስንሸሸው እሱ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ካድሬው የሚወረውራቸውን ትልልቅ ቃላት እየለቀመ ቤት ይወስዳቸዋል። ለምሳ ሰዓት እኛ ቤት ብቅ ሲል፣ «ዛሬ አጀንዳ ምንድን ነው?» ብሎ ድስቱን ያያል። አንድ ወሬ ሲሰለቸው ጭኑን መታ አድርጎ «ጠይብ፣ ሌላ» ይላል፤ በቃ ወደሚቀጥለው እንለፍ ማለት ነው። አህያውን «ፕላን» ብሎ ስም አውጥቶላት ነበር። ለምን ሲሉት፣ «ትጀምራለች፣ መሀል መንገድ ትቆማለች» ብሎ ከማንም ቀድሞ ራሱ ይስቃል። ለወንድ የሚገባውን ለሴት፣ የሴቱን ለወንድ የሚያደባልቀው ሰው ለአህያይቱ ግን አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

አማርኛው ከቀን ወደ ቀን እየጠና ሄደ፤ አንዲት ነገር ብቻ እምቢ አለችው። አጠጣ፣ አበላ፣ አመጣ ለማለት ከፊት ያለችው «አ» አትወጣለትም። ጠምቶት ሲመጣ «ኡስታዛ፣ ውሃ ጠጣኝ» ይለኛል። ከእናቴ ቤት ጠግቦ ሲወጣ ለመንደሩ ሁሉ፣ «የኡስታዛ እናት ዛሬ በላኝ» እያለ ያወራል። ልጆች እየተከተሉ «ማን በላህ?» ይሉታል፤ እሱም ማመስገኑ ነውና ስሟን እየጠራ ይመልስላቸዋል። ሳቃችንን ይወድደው ነበር። በሳቅን ቁጥር ደገም ያደርጋታል።

መሪው ሊቀመንበር መባሉ ቀርቶ ፕሬዚዳንት በተባለ ሰሞን ነው መከራው የመጣው። በመንግሥት ትራክተር የሚታረሰው የኅብረት እርሻችን ይሰፋል ተባለ። ቀይ ቀለም የተቀባ ካስማ ከመንደራችን ጫፍ እየተተከለ ሄዶ ጅረቱን ተሻገረ፤ የኸሊፋ ማንጎዎች መሀል ገባ። ኸሊፋ ካስማውን አልነቀለም። ሮጦ ጓድ ተስፋዬ ዘንድ ሄደ።

ጓድ ተስፋዬ የመንደሩ ካድሬ ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ፈሪ ነበር። የዚያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ እንቅልፍ አጥቷል። የፕሬዚዳንቱ የልማት ሥራ ምን ፍሬ እንዳፈራ በእንግዳው ፊት የሚመሰክር የአካባቢው ተወላጅ አምጣ ተብሏል። አማርኛ የሚችል፣ ሕዝብ ፊት መቆም የማይፈራ። ኸሊፋ በእግሩ መጣለት።

«በደንብ ከተናገርክ መስመሩን እናዞረዋለን» አለው። እኔም ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ከማንጎው ወዲያ በኩል ያልፋል። እኔ ራሴ አስነቅለዋለሁ።»

«ወላሂ በል» አለው ኸሊፋ።

ጓድ ተስፋዬ ወላሂ ማለት ለካድሬ አይሆንም ብሎ ነው መሰለኝ ዞር ዞር ብሎ አየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወላሂ» አለ።

ንግግሩ ተጽፎ መጣ። እንዳስጠናው ለእኔ ተሰጠኝ። ኸሊፋ ማንበብ ገና ነውና በቃል ነበር የሚያጠናው። መንገዱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ትራክተሩ በየተራ ይመሰገናሉ፤ መደምደሚያው «ፕሬዚዳንታችን ከረሃብ አውጥተው አበሉን» የሚል ነው። መጀመሪያ «አውጥተው» ላይ ተጣላን። «እሳቸው ስንት ናቸው?» አለኝ። አንድ ናቸው አልኩት። «ታዲያ እኔም አንድ ነው» አለና ተገርሞ ተወው። ከዚያ ዋናው መጣ።

«አበሉን በል።»

«በሉን።»

«አ፣ በሉን።»

«አ...» ይልና ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «በሉን።»

ቃሉን ልቀይርለት ጓድ ተስፋዬን ለመንኩት። «መገቡን» ይበል፣ «ረዱን» ይበል አልኩት። አይቻልም አለ። ንግግሩ አሶሳ ታይቶ ጸድቋል፤ አንዲት ቃል ብትነካ እሱ ነው የሚጠየቀው። ከዚያ በኋላ ኸሊፋ በመንገዱ ሁሉ «አ... አ... አ...» እያለ መሄድ ጀመረ። ሰው አበደ ወይ እስኪል ድረስ። እሱ ማንጎዎቹን ነው የሚያየው። እንግዳው ሊመጣ ሲል አንድ ሁለት ጊዜ ወጣለት፤ «አበሉን» አለኝ ጥርት አድርጎ። የሁለታችንም ፊት በራ።

የዕለቱ ዳስ ይታየኛል። የቀርከሃ ምሰሶ፣ ባንዲራ፣ የሚጮኽ ድምፅ ማጉያ። እንግዳው ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ድካም የተጫናቸው ሰው ናቸው። እኛ ሰፋሪዎቹ መሬት ላይ፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው ተደርድረናል። ኸሊፋ ነጭ ጀለቢያውን አሳጥቦ፣ ጃንጥላውን ለልጁ አስይዞ ወጣ። አንዳች አልተንተባተበም። «ፕሬዚዳንታችን መንገድ ሠሩልን» አለ፤ ተጨበጨበ። «ሐኪም ቤት ሠሩልን፤ ትራክተር ሰጡን» አለ፤ ተጨበጨበ። እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓድ ተስፋዬ ላቡን ጠረገ።

«ፕሬዚዳንታችን ከረሃብ አውጥተው...» አለና ኸሊፋ አፉን ከፈተ። «አ» ስትወጣ ሰማሁ ልበል? እንጃ። ድምፅ ማጉያው የተቀበለው ግን «በሉን» የሚለውን ብቻ ነው።

ሳቅ ከሴቶቹ በኩል ተነሣ። መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ባሏን የቀበረችው እናቴ። ከዚያ ጎረቤቷ፣ ከዚያ ሁሉም። የለመድነው የኸሊፋ ሳቅ አልነበረም፤ ሆድ ይዞ፣ እንባ የሚያስወርድ፣ ሲያዙት የማይቆም ሳቅ ነው። ከመጣን ጀምሮ ያልተናገርነው ሁሉ በዚያ ወጣ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

እንግዳው ወደ ጓድ ተስፋዬ ዘንበል ብለው «ምን አለ?» አሉ።

«አበሉን ለማለት ነው ጓድ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ...»

«ይድገመዋ።»

ኸሊፋ ሳቃችን መልካም መስሎታል። እኛ ቤት እንደሚሆነው የወደድነው መስሎታል። ፊቱ ፈክቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ወላሂ በሉን» አለ። «ሁላችንንም በሉን። ኢንሻአላህ ገና ይበሉናል።»

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ኸሊፋም ዝምታውን ሰምቶ ቀስ ብሎ እጁን አወረደ። ወደ እኔ አየ፤ ተማሪ አስተማሪውን እንደሚያይ፣ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ ብሎ። ከእንግዳው ጋር ከመጡት መኪኖች በአንዱ አስገብተው ወሰዱት።

ጓድ ተስፋዬ ከመንደራችን ከመዛወሩ በፊት እናቴን፣ «ቃሉን እንኳ አስረድቼ ነበር፤ እናንተ ናችሁ የገደላችሁት፤ ሳቃችሁን ምን ብዬ ላስረዳ?» አላት። ከዚያ ወዲያ እናቴ ሰው ፊት ስትስቅ አላየኋትም።

ማንጎዎቹን ዶዘር በሰንሰለት እየጎተተ ነቀላቸው። ፍሬ ይዘው ነበር፣ ጥሬ። ሥሩን ቆፍራችሁ አጽዱ ተብለን የተሰለፍነው እኛ ነን፤ ወንድሜ ሰይድም፣ እኔም። በቆሎ ተዘራ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር፤ ፎቶም ተነሣ። ከዚያ ትራክተሩ መለዋወጫ ጠፋለትና ማሳው ዳር ቆመ። ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ጀመር። ያ ኢኮኖሚክስ የተማረ ልጅ ሲቆጥር ያቺን ትራክተር አብሮ ቆጥሯታል፤ የዶሮዋን ጎጆ።

ኸሊፋ ከአሶሳ እስር ቤት ሲመለስ የፊት ጥርሱ አልነበረም። ወደ ጅረቱ ሳይሄድ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ። ክፍሉ ባዶ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «ኡስታዛ፣ አስተምረኝ። ምን አልኩ?» አለኝ።

አስረዳሁት። አንዱ ጉርሻ ሰጠ ማለት ነው፣ አንዱ እኛኑ ጎረሰን ማለት ነው አልኩት። ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ጽፌ ከፊት ያለችውን ፊደል አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አያት። መሳቅ ጀመረ፤ ጥርስ በሌለው አፉ ያለ ድምፅ።

«ይቺ ብቻ?»

«ይቺ ብቻ።»

«ታዲያ ይቺ ስትኖር ውሸት ነው» አለ። «ይቺ ስትጠፋ እውነት ነው። እኔ ውሸት ላጠና ነው የደከምኩ።»

ጭኑን መታ አድርጎ «ጠይብ፣ ሌላ» አለና ተነሣ። ጅረቱን ሲሻገር ከመስኮቱ አየሁት። ማንጎው የነበረበት ቦታ ሲደርስ አልቆመም፤ እንደማንኛውም ማሳ አልፎት ሄደ።

መንግሥት ሲወድቅ ካድሬዎቹ አንድ ሌሊት ጠፉ። የኅብረት እርሻው ፈረሰ። መሬቱን የሰፈራው ሽማግሌዎች ዕጣ አውጥተው አከፋፈሉ። ለእኛ የደረሰን ያ ነው፤ የማንጎው ቦታ። ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ዕጣ ነው። ግን ዕጣ ነው ብለን ወሰድነው። ለምለም መሬት ነው፤ ዛፍ ለረጅም ዘመን የቆመበት አፈር ጥሩ ነው። ኸሊፋ ጠዋት ጠዋት ከብቶቹን ይዞ በዳሩ ሲያልፍ ሰይድን ከሞፈሩ ላይ ቀና ያደርገዋል። «ሰይድ፣ አጀንዳ ምንድን ነው?» ይለዋል። ሰይድ መሬት መሬት እያየ «አለን፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። አንድ ቀን እንኳ «ይህ የአባቴ ነው» አላለንም። ቢለን ይሻል ነበር።

ከዚያ አዲሶቹ ባለሥልጣናት መጡ። ሰፋሪ ወደ መጣበት ይመለሳል የሚል ወሬ ተነዛ። የወሎው ቤታችን ፈርሷል፣ መሬቱን ሌላ ሰው ይዞታል፤ የት ነው የምንመለሰው? እናቴ ያለንን ዕቃ በአንሶላ ቋጥራ በር ሥር አስቀመጠች። ስብሰባ ተጠራ፤ እኛም በርታዎቹም። አዲሱ አስተዳዳሪ ወጣት ነው። የተጠራው የነባሩን ሕዝብ በደል ለማጣራት እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ኸሊፋን ወደ ፊት አስወጣው።

«ይህ ጀግና» አለ። «አምባገነኑን ፕሬዚዳንት በተወካዩ ፊት በላኸን ብሎ የተናገረ ጀግና ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ኸሊፋ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ።

«እኔ ጀግና አይደለም» አለ። «ማንጎ ላድን፣ ውሸት ልናገር ሄድኩ። ውሸቱ አቃተኝ።»

አስተዳዳሪው ትሕትና መስሎት ፈገግ አለ። «እሺ አባት፣ ለመሆኑ የዚያ መንግሥት ልማት ምን ጠቀማችሁ? ለሕዝቡ ይንገሩ።»

«ሐኪም ቤት ጥሩ ነው» አለ ኸሊፋ። «ልጄ እዚያ ወለደች፣ ደህና ነው። መንገድም ጥሩ ነው። በእሱ እስር ቤት ወሰደኝ፤ መኪናው አልነቀነቀም።»

ከበርታዎቹ በኩል ጥቂቶች ሳቁ። የአስተዳዳሪው ፈገግታ ጠፋ። ወደ እኛ በጣቱ እያመለከተ፣ «የአባትዎን መሬት ዛሬ የያዙት እነዚህ ናቸው። ዛሬ መንግሥት የእናንተ ነው። አንድ ቃል ይበቃል፤ መሬትዎ ይመለሳል። እነዚህ ሰዎች በሏችሁ ወይስ አልበሏችሁም?» አለ።

ሰይድ አጠገቤ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ኸሊፋ ዞሮ ተራ በተራ አየን። በማሳችን ዳር ሲያልፍ እንዲህ አድርጎ አይቶን አያውቅም።

«እነዚህ ተበሉ» አለ።

ቃሉን አልሳተም። አስተዳዳሪው ሌላ ሰው ጠራ። እናቴ ማታውኑ የቋጠረችውን ፈታች። መሬቱን ዛሬም የሚያርሰው ሰይድ ነው። ኸሊፋ እስኪሞት አልጠየቀንም፤ እኛም እንካ አላልነውም።